ለተፈታ ሰው ስንቅ

ወንድሜ በሕግ ነፃ ነው ከተባለበት ቀን ጀምሮ እኔን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። እንዲህ ስል ምሬት ይመስላል። ምሬትም ነው፤ ግን ሐሰት አይደለም። እስኪ ከሥሩ ልናገረው።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። እናታችን ስትሞት እሱ ገና ሕፃን ስለነበር አሳደግኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ አግብቼ ፈታሁ፤ እሱ ጭራሹኑ አላገባም። ለምን አታገባም ስለው፣ እኔ ካገባሁ አንቺ ማንን ትጨቀጭቂያለሽ ይለኛል። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነው። ከሥነ ዜጋ መምህር ጋር አንድ ቤት መኖር ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ስንጎትት እንኳ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ የትኛው አንቀጽ ስለ ውሃ ምን እንደሚል ያስረዳኛል። እሺ፣ አንቀጹን ጀሪካኑ ውስጥ ጨምርና ተሸክመህ ውጣ እለዋለሁ። ይስቃል፤ ግን አይተወውም።

ያሳሰረውም ይኸው አፉ ነው። መካኒሳ በኩል ቤታቸው ሊፈርስ የነበረ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው እግድ አውጥተው ነበር። እግዱን በእጃቸው እንደያዙ ቤታቸው ፈረሰ። ከነሱ መካከል የተማሪዎቹ ወላጆች ነበሩበት። እኛ ሰፈር ስለ ልማት እንወያይ ተብሎ ስብሰባ ተጠራና፣ ሌላው ሰው ስለ ቆሻሻ ገንዳና ስለ ታክሲ ሰልፍ ሲያወራ፣ የኔው ጉድ እጁን አወጣ። ፍርድ ቤት አታፍርሱ ያለውን ቤት ያፈረሰው ማነው፣ ንገሩን አለ። ከኋላው ተቀምጬ ስለነበር ኮቱን ያዝ አድርጌ ጎተትኩት። አልተቀመጠም። በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ወሰዱት።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው አልተለየኝም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ሰው ሲታሰር ምን እንደሚደረግ ሰፈሩ ያውቃል። ሴቶቹ ተራ ገቡልኝ፤ አንዷ ወጥ ስትሠራ ሌላዋ ምሳ ዕቃውን ይዛ አብራኝ ጣቢያ ትሄዳለች። በሩ ላይ ከምግቡ ቆርሰን በፖሊሱ ፊት እንቀምሳለን፤ መመረዝ አለመመረዙን ለማወቅ ነው። ማታ ማታ ቤቴ ይሞላ ነበር። ፊት ለፊት በር ያለችው ጎረቤቴማ ቴሌቪዥን የምታየው እኔ ጋ ሆነ። ያን ጊዜ ሰው በዛብኝ ብዬ ማማረሬ ትዝ ሲለኝ ይገርመኛል።

ጠበቃ ያዝን። ገና ወጣት ሴት ናት፤ እትዬ ትለኛለች። ያለ ሕግ የተያዘ ሰው አካሉ ነፃ ይውጣ ተብሎ የሚቀርብ አቤቱታ አለ ብላ እሱን አቀረበች። ፖሊስ ሲጠየቅ ሕዝብ ሊያነሳሳ ነበር አለ። ማስረጃ ሲባል ገና እያጣራን ነው አለ። ዳኛው ጎልማሳ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ለመስማት ሁላችንም ወደፊት ዘንበል ብለን ነበር። የተያዘበት ምክንያት በሕግ የተደገፈ ሆኖ ስላልተገኘ ዛሬውኑ እንዲለቀቅ አዘናል አሉ።

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ የመዳን ደስታ አልነበረም፤ ሰነፍ ተማሪ ጥያቄ መልሶለት ሲደሰት እንደማየው ነበር። በአጠገቤ ሲያሳልፉት ጎንበስ አለና፣

«በሕግ ነው የምወጣው። ማንንም እንዳትለምኚ» አለኝ።

እሺ አልኩት። በዚያች ሰዓት ምን ብሎ ቢያዘኝ እሺ እለው ነበር።

ከችሎት እንደወጣሁ ፊት ለፊት በር ላለችው ጎረቤቴ ደወልኩ። ተፈታ፣ ይዤው እመጣለሁ አልኳት። እልልታዋ ስልኩን ሰነጠቀው። ከዚያ በኋላ ስልኬ ባትሪው አለቀ፤ የሆነውን ሁሉ ያመጣው ይኼ ነው።

እኔና ጠበቃዋ ትእዛዙን ይዘን ጣቢያ ገባን። ኃላፊው ተቀብሎ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ክፉ ሰው አይመስልም። የፍርድ ቤትን ውሳኔ እናከብራለን፣ ነገር ግን ከበላይ አካል መልስ እየጠበቅን ነው አለ። ጠበቃዋ ከፍርድ ቤት በላይ የሆነው የበላይ አካል ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየ። እኔም አብሬው ቀና አልኩ። የተቃጠለ አምፖል ነው ያለው። ትንሽ ታገሡ፣ ዛሬ ነገ ሳይል ያልቃል አለና ሸኘን። ጠበቃዋ ሌላ ቀጠሮ ነበራት፤ እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ጠበቅኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ዘልሎ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ሊመሽ ሲል ታክሲ ይዤ ወደ ጀሞ ተመለስኩ።

ለካ ብሎካችን ጉድ ፈልቶበታል። ሰው ከእስር ሲፈታ ዝም ብሎ አይገባም፤ ይታረድለታል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ኮሚናሉ፣ ማለትም ለማረድና ለድግስ በጋራ የምንጠቀምበት ቤት፣ በሰው ተሞልቷል። በግ ታርዷል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው ተሠርቷል። የእድሩ ወንበር ተደርድሯል። እኔ ጥጉን ስታጠፍ እልልታው ፈነዳ። ሁሉም ከኋላዬ ሰው ይፈልጋሉ። እልልታው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አንዲት ድምፅ ብቻ ቀረች፤ እሷም አፈረችና ተወችው።

ምን ልበል? ነገ አልኩ። ፈርደውለታል፣ ነገ ይለቁታል።

ሰው ተያየ። ወጡ ወጥቷል፣ እንጀራው ቀርቧል። የእድራችን ሊቀመንበር አዛውንት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ አንድ ነገር ሲያምታታን የሚቆርጡልን እሳቸው ናቸው። ቆሙና፣ ፍርድ ቤት ከፈታው ተፈቷል፣ ደስታው የዛሬ ነው፣ ይህ ምግብ ደግሞ ለነገ አይሆንም አሉ። ተበላ። ሰው እየተነሣ ሲወጣ እኔ ጋ እየመጣ ጨበጠኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔም ለእያንዳንዱ እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኩ። አንዷ ጉርሻ አጉርሳኝ ነበር፤ አልወርድ ብሎኝ ሁሉም እስኪሄዱ አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ጣቢያው በር ደረስኩ። እኩያዬ የሆነ ፖሊስ ነው፤ እናቴ እያለ ይጠራኛል፣ እሱም ያበግነኛል። የወንድሜን ስም ነገርኩት። መዝገቡን አየ፣ አየና፣ የለም አለ። እንዴት የለም? ተፈቷል ነው የሚለው አለኝ። ከተፈታ የታለ አልኩት። እሱን እኔ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው ለተፈታ ሰው ስንቅ እንደማንቀበል ነው አለኝ።

«አንዱን ምረጡ» አልኩት፤ «ከተፈታ ወንድሜን ስጡኝ፤ ከታሰረ ምሳውን ተቀበሉኝ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ተራውን አትያዢ እናቴ ብሎ በእጁ ወደ ዳር አሳየኝ። ዳር ቆሜ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፣ ግን ከሩቅ ለሚያይ ያው ልቅሶ ነው።

አንዲት ሴት ፖሊስ ነበረች፤ ስሟን አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝ። ሁለት ሦስት ቀን ዳር ቆሜ ስታየኝ ከረመችና አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወስዳ ገባች። ባዶውን ስትመልስልኝ ደህና ነው አለችኝ። እሷ ተረኛ የሆነች ቀን ወንድሜ የቤቱን ምግብ ይበላል። ካልሆነች ይዤው ተመልሼ ብቻዬን እበላዋለሁ። በታክሲ ሲመላለስ የዋለ ሽሮ ቀዝቅዞ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ብቻዬን የምለው ወድጄ አይደለም። ሰው መምጣት አቆመ። መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ ያሉ ቀን ማግስት ማንም አልመጣም፤ ደክሟቸው ነው ብዬ ተውኩት። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ገባኝ። የፈሩም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። አብዛኛው ግን ፈርቶ አይደለም፤ ምን ብሎ እንደሚመጣ ጠፍቶት ነው። እኛ አገር ለሁሉ ነገር ወግ አለው። ለታመመ ብርቱካን ተይዞ ይኬዳል፣ ለሞተበት ይለቀሳል፣ ለታሰረበት ስንቅ ይሠራለታል። የተፈታለት እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ፍርድ ቤት ፈቶት መንግሥት ላልፈታው ሰው ግን ምን ተብሎ ነው የሚኬደው? የስንቁ ተራ እንኳ ተቋረጠ፤ ተፈቷል ብለን በግ በልተን እንዴት እንደገና ስንቅ እንሠራለን ብለው ነው መሰለኝ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ መምህር እንዴት ነው ይሉኛል፣ ቤት ውስጥ ጋዜጣ እያነበበ የተቀመጠ ይመስል። ደህና ነው እላለሁ። ያቺ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ኮቴዬን ስትሰማ በሯን ገርበብ አድርጋ ትቆያለች፤ እኔ ገብቼ ከዘጋሁ በኋላ ነው የምትወጣው። ይኼኛው ከሁሉ በላይ ጎድቶኛል።

በዚያው ሰሞን ከታችኛው ፎቅ አንድ ሰውዬ ሞቱ። ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሚስታቸው መሃል ተቀምጣ፣ ሴቶች ከግራም ከቀኝም ተጣብቀውባት፣ አንዷ ውሃ ስታጠጣት ሌላዋ ትከሻዋን ታሻለች። ፍራሽ ላይ አብረዋት ያድራሉ። ጎረቤቴም እዚያ ነበረች። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ፤ ሰው ለሟቹ መስሎት እግዜር ያጽናሽ አለኝ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ያቺን ሴት ቀናሁባት። ወንድሜ በሕይወት እያለ በሐዘንተኛ ቀናሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ በራሴ አፍሬ ነበር፤ ግን ቅናቱ አልወጣልኝም።

ጠበቃዋ አልሰነፈችም። ትእዛዙ አልተፈጸመም ብላ ፍርድ ቤቱን አቤት አለች። ዳኛው ኃላፊው ቀርቦ ያስረዳ አሉ። አልቀረበም። ተገዶ ይቅረብ ተብሎ ይታዘዝልኝ ስትል ታዘዘላት። አሁንም አልቀረበም፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ፣ ደግሞ ሌላ። በመጨረሻው ቀን ዳኛው እኔን አዩኝ። ከመቀመጫቸው ሆነው፣ ወይዘሮ፣ እኛ ወስነናል አሉኝ። ምክንያት እየሰጡኝ መሰለኝ። አውቃለሁ ክቡር ፍርድ ቤት አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እሳቸውም እንደኔ የሚጠብቁ ሰው ሆኑብኝ፤ ልዩነታችን እሳቸው ከፍ ብለው ተቀምጠው መጠበቃቸው ነው።

ወጥተን አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥን። ጠበቃዋ ከአገር ውጭ ስላለ ነገር ትነግረኝ ጀመር። ለአፍሪካ በሙሉ የሚፈርዱ ዳኞች አሉ፣ ለሰብዓዊ መብት ብቻ የተቋቋሙ፤ አቤት የሚባልበት መንገድ ፈልገን ረጅም ጊዜ ቢወስድም እንሞክራለን አለችኝ። እሺ፣ እነሱስ ከፈረዱ በኋላ ማነው የሚያስፈጽመው አልኳት። ሻይዋን በማንኪያ አማሰለችና፣ የተፈረደበት መንግሥት ራሱ ነው እትዬ አለችኝ። ብዙዎቹ ፈርመው ይገባሉ፣ ሲፈረድባቸው ግን ዝም ይላሉ። እዚህም እዚያም ውሳኔው ተጽፎ ተቀምጧል አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰገንኳት፤ ግን የሻዬን ግማሽ ሳልጠጣው ተነሣሁ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ነው። ቴሌቪዥን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ዜና አንባቢዋ እንደምን አመሻችሁ ስትል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሸሽ ብዬ መለስኩላት። ድምፄ ሻካራ ነበር፤ ከሻይ ቤቱ ወዲህ አፌን አልከፈትኩማ። ደነገጥኩ። ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁና ወደ ምድር ቤት ወርጄ የእድሩን ሊቀመንበር በር አንኳኳሁ።

ሁሉን ነገርኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ መልሱን ስፈራ ያልጠየቅኳቸውን ጠየቅኳቸው፤ ምን ይሻላል ጋሼ አልኳቸው።

«ሕጉን ሞከርሽው ልጄ» አሉኝ፤ «አሁን ደግሞ እኛን ሞክሪን።»

ሽማግሌ እንላክ ማለታቸው ነው። እሺ ያልኩት ወዲያው ነው። ማንንም እንዳትለምኚ ያለኝ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ጆሮዬ ላይ ያቃጭል ነበር። ግን እሱ ያን ያለኝ ዛሬ እወጣለሁ ብሎ ባመነ ቀን ነው፤ እኔ ብቻዬን የተጣልኩት ከዚያ በኋላ በመጣው ጊዜ ውስጥ ነው።

ሦስት ሆነው ጣቢያ ሄዱ። ሊቀመንበሩ፣ አንድ ቄስና አንድ ሐጂ፤ ሦስቱም ነጭ ለብሰው። እኔ አልሄድኩም፤ የተባለውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ሽምግልና ሲገባ ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ አጥፍቷል ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ካላጠፋ ምን ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል? ልጅ ነው፣ አፉ አመለጠው፣ አጥፍቷል፣ በእኛ ሽበት ይሁንባችሁ አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን፣ ሐጂው መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆሙ። ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ አስቀመጣቸው፤ ኧረ አባቶቼ፣ እኔን ከምትለምኑኝ ትእዛዝ ስጡኝ እንጂ አላቸው። ወደ ውጭ ወጥቶ ስልክ ደወለ። ሲመለስ ለእናንተ ሲባል ይቅር ብለነዋል አለ። ማኅተም ያለው ትእዛዝ ያላስከፈተውን በር እንዲህ ከፈቱት። ከሰዓት በኋላ ወንድሜን በታክሲ መሃላቸው አስቀምጠው አመጡልኝ።

ደረጃው ላይ አቅፌው አለቀስኩ። አጥንቱ ቀርቷል፤ ጢሙ አድጎ ከመሃል ሸብቷል። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሥቶ አመሰገነ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አላቸው፣ በጨዋ ደንብ። ሸኛቸው። ሌላ ሰው አልመጣም። ጎረቤቴ ብቻ በሯን ከፍታ እንኳን ለቤትህ አበቃህ አለችውና ቶሎ ገባች።

ውሃ አሙቄለት ታጠበ። የሚወደውን ጥብስ ሠርቼ አቀረብኩለት። በላ፤ እስከ መጨረሻው በላ። እጁን ከታጠበ በኋላ ነው የተናገረው።

«ሽማግሌዎቹን አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

እኔ ነኝ አልኩት። ምን ብለው እንደለመኑ ታውቂያለሽ አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። እንዲቆጣኝ ነበር የምፈልገው፤ ቢቆጣ እኔም እቆጣለሁ፣ እንደ ድሮው እንጮኻለን፣ ያልፋል። አልተቆጣም። እኔ ነኝ የጮኽኩት። ሰው ሁሉ እንደራቀኝ፣ ከቴሌቪዥን ጋር እንዳወራሁ፣ ድንኳን ውስጥ በሐዘንተኛ እንደቀናሁ፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። ብቻዬን ነበርኩ አልኩት፤ ብቻዬን እኮ ነበርኩ!

እጁን ያደረቀበትን ፎጣ አጣጥፎ አስቀመጠ።

«እኔም ብቻዬን ነበርኩ እታለም» አለኝ። «እዚያ ውስጥ ያለችኝ ያቺ ውሳኔ ብቻ ነበረች። ጠዋት ስነሣ፣ እኔ አላጠፋሁም፣ ፈርደውልኛል፣ አጥፊዎቹ እነሱ ናቸው እል ነበር። ዛሬ ግን አጥፍቼ ይቅር የተባልኩ ሰው ሆኜ ወጣሁ።»

ሳህኑን አነሣሁ።

ደግመሽ ታደርጊዋለሽ ወይ ብትሉኝ አዎ፣ ዓይኔን ሳላሽ። ወንድሜ ከጎኔ ክፍል ሲያስል መስማት ለእኔ ከሕገ መንግሥቱ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ የፈለገ ይፍረድብኝ። ግን እዚያች ቤት ውስጥ ሁለት ሆነን ጸጥታው እንደድሮው አልቀለለም። ስለ አንቀጽ አያወራም። ሬዲዮ ላይ ስለ ሕግ የበላይነት ሲወራ ተነሥቶ ያጠፋዋል። እኔ ነገር ፍለጋ አንዳንዴ ወረዳውን እሰድባለሁ፣ ይነሣል ብዬ። እሱ፣ ተይው አሁን ይለኛል።

ትምህርት ሊጀመር ሲል ዳይሬክተሩን ሥነ ዜጋን ለሌላ ሰው ስጡልኝ፣ እኔ ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ ብሎ እንደለመነ ነገረኝ። አዎ፣ ለመነ፤ ቃሉ የራሱ ነው። ሸሚዙን እየተኮስኩ ነበር። ለምን አልኩት፣ ከነፍስህ የምትወደውን ትምህርት?

«ልጆች ናቸው፤ ይጠይቃሉ» አለኝ። «ማን አስፈታህ ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?»

እኔ ነኝ ያስፈታሁህ የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሣሁ። አላልኩትም።